ቤት የሚወድቀው ከእግሩ ነው

ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ ሌሊት ላይ፣ የቤቴ አንድ ጥግ ወደቀ። ልጄ የምትተኛው እዚያው ጥግ ሥር ነበር። ያን ዕለት ግን አክስቷ ጋ አድራ ስለነበር እግዚአብሔር አተረፈልን። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ይህ ዝናብ ጨረሰን» አለ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። በኋላ የወደቀውን ቋሚ አንስቼ ሳየው ግን ከላይ ደህና ነው፣ ከታች ክንድ የሚያህለው ባዶ ሆኖ ውስጡን አፈር ሞልቶታል። ለካስ ቤቱን የጨረሰው ምስጥ ነው፤ ዝናቡ የመጣው ለመገፍተር ብቻ ነው።

በብሎካችን ያሉ አንድ የጋሞ ሽማግሌ እንጨቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «መምህር፣ አንተ እኮ ቤት አልሠራህም፣ እንጨት ነው የቀበርከው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ ቁጭ ብለን ስለ አገራቸው ቤት ካጫወቱኝ በኋላ ነው።

የዶርዜ ቤት ለምን ይረዝማል?

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ፣ የዶርዜ ሰዎች ቤታቸውን የሚሠሩት ከቀርከሃ ነው። ቀርከሃውን ይሰነጥቁና ልክ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይሸምኑታል፣ ላዩን በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል ይከድኑታል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቁመት ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስጥ ከሥር መብላቱ እንደማይቀር ሰዎቹ አስቀድመው ያውቃሉ። የተበላው እየተቆረጠ ሲወጣ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ በሩ ይስተካከልና ኑሮ ይቀጥላል። እንዲህ እያጠረ ቤቱ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል።

በሌላውም የአገራችን ክፍል አባቶች ለምሰሶ የሚመርጡት ጥድ ወይም ወይራ ነበር። የእነዚህ ዛፎች መሐል እንጨት ጠንካራ ነው፤ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ፈጥኖ ስለሚያድግ የሁሉም ቤት ማዋቀሪያ ሆነ። ጥሩ እንጨት ነው፤ ነገር ግን እርጥቡን ከነልጡ አፈር ውስጥ ከተከሉት ለምስጥ ድግስ ነው። እኔ ያደረግሁትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ካኩማ ቀርከሃ የለንም፣ ጥድና ወይራም የለንም። ከዶርዜዎች ልንወስድ የምንችለው ግን አሳባቸውን ነው፦ እንጨት ሲሠራ መጠገኑንም አብሮ ማሰብ።

በሚቀጥለው ሥራ ምን እናድርግ?

ቤቴን እንደገና ስሠራ፣ በሽማግሌውና በአንድ አናጢ ወዳጄ ምክር ያደረግሁት ይህ ነው።

1. እንጨቱን ልጡን ልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጥላ ሥር ማድረቅ። ልጥ እርጥበት ይይዛል፣ ለነቀዝም መደበቂያ ነው።

2. ቋሚውን አፈር ውስጥ አለመቅበር። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም። ምስጥ በድንጋዩ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የጭቃ መንገዱን በዓይናችን እናየዋለን። በየሳምንቱ እየዞሩ ማፍረስ የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል።

3. ያልተቀበረ ቋሚ ነፋስ ይገፋዋል። ስለዚህ በየጥጉ ሰያፍ እንጨት መምታት ግዴታ ነው። ጣሪያውንም በሽቦ አድርጎ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ከባድ ድንጋይ ጋር ማሰር። የካኩማን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን አይዘልም።

4. ግድግዳውን እስከ መሬት በጭቃ አለመምረግ። የታችኛው ስንዝር ሁለት ስንዝር ድንጋይ ይሁን። ጭቃው መሬት ከነካ ምስጡ በስውር ይወጣል።

5. የጣሪያውን ክፈፍ ቢያንስ ሁለት ክንድ ወደ ውጭ ማስረዘም፤ በዙሪያውም ቦይ መቆፈር። ደረቅ እግር ያለው ቤት ረጅም ዕድሜ አለው።

አንድ ነገር ላክል። አገር ቤት የምድጃ ጭስ የጎጆውን ክዳንና እንጨት ከነፍሳት ይጠብቃል ይባላል፤ እውነትም ነው። ያው ጭስ ግን የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ይህን እንኳ ከአባቶቻችን ባንወርስ ይሻላል። ምድጃው ውጭ ይሁን።

እንጨቱ ከየት ይምጣ?

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። በዛፍ ምክንያት ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር መጣላት አዲስ አይደለም። ግራሩ ለከብታቸው ጥላና መኖ ነው፤ እኛ ለአንድ ቋሚ ስንቆርጠው እነሱ የሚያጡት ብዙ ነው። በላጋው ዳር የሞላው እሾሃማው ማተንጌ ግን ሌላ ነገር ነው። በረሃን ያቆማል ተብሎ ከውጭ የመጣ፣ አሁን ግን ግጦሹን የወረረ ዛፍ ነው፤ በአፋርም ያው ችግር አለ። ቢቆርጡት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ጠማማ ስለሆነ ለረጅም ወራጅ አይመችም፤ መሐል እንጨቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለአጭር ቋሚና ለሰያፍ ይሆናል። ያም ቢሆን የአገሩን ሽማግሌዎችና የሚመለከተውን ቢሮ ሳንጠይቅ መጥረቢያ እንዳናነሣ።

ይህ የድሃ ብልሃት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ሺገሩ ባን የተባለውን ጃፓናዊ አርክቴክት ለካሎበዬይ ቤት እንዲነድፍ ጋብዞት ነበር። በዓለም የታወቀ ሰው ነው። እሱም የጨነቀው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፦ በአካባቢው በሚገኝ ነገር የሚሠራ፣ ነዋሪው ራሱ በቀላሉ ሊጠግነው የሚችል ቤት።

ወገኖቼ፣ «እዚህ የምንኖረው ለጊዜው ነው» እያልን ስንት ዓመት አለፈ? ካምፑ ከተቋቋመ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የወለዱ አሉ። ለጊዜውም ቢሆን ልጅ የሚተኛበት ጥግ መውደቅ የለበትም። ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬ ማታ ቢላዋ ይዛችሁ የየቤታችሁን ቋሚ ከሥሩ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው ከገባ አትዘግዩ፣ ጎረቤት ጥሩና በደቦ ቀይሩት። እኔ ጋ ያለው መሰላልና መጋዝ ለሁሉም ክፍት ነው።

ቸር ይግጠመን።