የመማር ውል፦ ሥራና ትምህርትን አጣምረው ለሚማሩ ጎልማሶች

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትና በርቀት መርሐ ግብሮች ከሚማሩት ብዙዎቹ ሥራ ያላቸውና ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጎልማሶች ናቸው። ከሺንሺቾ ተነስተው ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና እየተመላለሱ የሚማሩ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የመንግሥት ሠራተኞች የዚህ አንድ ማሳያ ናቸው። እነዚህ ተማሪዎች የዓመታት የሥራ ልምድ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያጥራቸው ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍያውን ከደመወዙ የሚሸፍን ተማሪ አንድ ኮርስ ለመድገም ቢገደድ ገንዘቡንም ጊዜውንም ሁለተኛ ይከፍላል። ይህ ጽሑፍ ጉዳቱን ለመቀነስ ስለሚረዳ አንድ የማስተማሪያ ስልት፣ ማለትም ስለ መማር ውል፣ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ተዘጋጅቷል።

የመማር ውል ምንድን ነው?

የመማር ውል በአንድ ኮርስ ውስጥ ተማሪው ምን እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚማር፣ መቼ እንደሚያጠናቅቅና መማሩ በምን እንደሚረጋገጥ ከመምህሩ ጋር ተስማምቶ በጽሑፍ የሚያሰፍረው ሰነድ ነው። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1986 በዚሁ ርዕስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ በማሳተም ስልቱን በስፋት አስተዋውቀዋል። መነሻ ሐሳባቸው ጎልማሳ ሰው የሚማረው ነገር ከኑሮውና ከሥራው ጋር ሲገናኝና በትምህርቱ አቅጣጫ ላይ ድርሻ ሲኖረው የተሻለ ይማራል የሚል ነው።

የመማር ውል ተገልጋዮች ከሚያውቋቸው ሁለት ውሎች ጋር ሊምታታ አይገባም። የወጪ መጋራት ውል የገንዘብ ግዴታን የሚመለከት ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ያስተማረው ሠራተኛ የሚፈርመው ውል ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን አገልግሎት ይመለከታል። የመማር ውል ግን የገንዘብም ሆነ የአገልግሎት ግዴታ አያስከትልም። ይልቁንም ከዕቁብ ስምምነት ጋር ይቀራረባል፤ ቀኑና መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል፣ በመጨረሻም የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

በውሉ ውስጥ የሚካተቱ ነጥቦች

አንድ የተሟላ የመማር ውል ለሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል፦

1. ተማሪው ምን ማወቅ ወይም ምን መሥራት መቻል ይፈልጋል?
2. በየትኞቹ መጻሕፍት፣ ሰዎችና የሥራ አጋጣሚዎች ይጠቀማል?
3. እያንዳንዱ ሥራ በየትኛው ቀን ይጠናቀቃል?
4. ለመማሩ ማስረጃ የሚሆነው ምንድን ነው?
5. ማስረጃው በማንና በምን መስፈርት ይመዘናል?

አፈጻጸሙን በምሳሌ ለማየት

በሺንሺቾ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምርና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የዲግሪ ትምህርቷን የምትከታተል አንዲት መምህርት የትምህርት ምዘና ኮርስ ወሰደች እንበል። በተለመደው አሠራር ከመጽሐፍ የተወሰዱ መልመጃዎችን ሠርታ ታስገባለች። በመማር ውል ግን በራሷ ክፍል የሰጠችውን ፈተና ለመመርመር ትስማማለች። ፈተናውን ከወሰዱ 40 ተማሪዎች መካከል 30ዎቹ አንድን ጥያቄ በትክክል ከመለሱ፣ የጥያቄው የክብደት መለኪያ 0.75 ነው። ከፍተኛ ውጤት ያመጡትና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች ጥያቄውን በእኩል መጠን ከመለሱት ደግሞ፣ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው አይለይም ማለት ነው። መምህርቷ ደካማ ጥያቄዎችን ለይታ፣ አሻሽላና ምክንያቱን ጽፋ ታቀርባለች። በዚህ መንገድ የኮርሱን ግብ ከማሳካቷም በላይ የክፍሏ ተማሪዎች የተሻለ ፈተና ያገኛሉ።

የማስረከቢያ ቀኖቹም ኑሮዋን ያገናዘቡ ይሆናሉ። በትምህርት ቤቷ የማጠቃለያ ፈተና የሚታረምበት ሳምንት፣ ወይም በከምባታና በሀዲያ ቤተሰብ ከየአካባቢው የሚሰባሰብበት የመስቀል ሰሞን፣ አስቀድሞ ታውቆ የሥራው ቀን በዚያው ልክ ይደለደላል።

ውሉ የማይለውጣቸው ጉዳዮች

የመማር ውል መንገዱን እንጂ መድረሻውን አይለውጥም። የኮርሱ ዓላማ፣ የክሬዲት መጠኑና የተቋሙ የፈተና ደንብ እንዳሉ ይቀጥላሉ። በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ለመደበኛውም ሆነ ለተከታታይ ትምህርት ተማሪ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የማለፊያ ነጥቡም 50 ከመቶ ነው። በመሆኑም ከኮርሱ ይዘት የተወሰነውን ብቻ እየመረጠ ሌላውን የሚያስቀር ውል ለጊዜው ሸክም ያቀለለ ቢመስልም ተማሪውን በመጨረሻው ፈተና ይጎዳዋል።

ስልቱ ለሁሉም ትምህርት እኩል አይስማማም። ተማሪው ምንም መነሻ እውቀት በሌለው አዲስ የትምህርት መስክ፣ እንዲሁም ስሕተት የሰው ሕይወትን በሚጎዳበት የሕክምና ክህሎት ልምምድ፣ የመምህሩ ቀጥተኛ መሪነትና ክትትል ሊቀድም ይገባል። ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ለሙሉ ኮርስ መዋዋል ስለሚያስቸግር፣ በተከታታይ ምዘና ከሚያዙ ሥራዎች በአንዱ ብቻ መጀመር ይመረጣል።

ተማሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

የመማር ውል በተማሪውና በመምህሩ ስምምነት ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ ሐሳቡን ኮርሱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ማቅረብ ያስፈልጋል። ተማሪው የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ አንብቦ፣ ከላይ ለተመለከቱት አምስት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ መልስ ጽፎ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ከተስማማ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ። በሥራ ወይም በቤተሰብ ምክንያት ቀኑን መለወጥ ካስፈለገ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ መስማማት ተገቢ ነው። ከመምህሩ ጋር መግባባት ያልተቻለ እንደሆነ ግን የኮርሱ መደበኛ ምዘና ተፈጻሚ ይሆናል። በነጥብ አሰጣጥ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ ጉዳዩን በቅድሚያ ለትምህርት ክፍሉ ሲያቀርብ፣ የተፈረመው ቅጂ ምን እንደተስማሙ በግልጽ ስለሚያሳይ እስከ ኮርሱ ፍጻሜ ድረስ በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባል።