ጣት ስለሚያርፍበት ስፍራ
(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ልናነጋግራችሁ ያሰብነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ከቁም ነገር የሚቈጠር አይመስልም። ይኸውም ለንግድ ሥራ በሚያገለግሉት የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ ጣት ስለሚያርፍባቸው ቁልፎች ስፋት ነው። ነገር ግን ገንዘብ በአንድ ንክኪ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት በዛሬው ዘመን፥ የአንዲት ቁልፍ መጥበብ የሰውን የቀን ገቢ ሊያሳጣ ስለሚችል፥ ነገሩን ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል።

በአገራችን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ በስልክ መክፈልና መቀበል ብዙ ነጋዴዎች የሚያውቁት ሥራ ሆኗል። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፥ ቁልፎቹ ጠባብ በሆኑበት በማናቸውም መተግበሪያ የምትሠራ አንዲት ባለሱቅ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ገበያው ደርቷል፤ በአንድ እጇ ዕቃ ይዛ፥ ስልኩን በያዘችበት በሌላው እጇ አውራ ጣት ለዕቃ አቅራቢዋ ገንዘብ ልትልክ ትሞክራለች። በስክሪኑ ላይ ስሞቹ ተጨናንቀው ተደርድረዋል። ጣቷ ካሰበችው ስም ዝቅ ብሎ ከሚቀጥለው ላይ ያርፋል። ስሕተቷን አይታ ልትመለስ ስትል ደግሞ፥ «ላክ» የሚለው ቁልፍ «ተመለስ» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፥ ገንዘቡን ትልከዋለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ የሄደውን ለማስመለስ ልመናና ምልልስ ይከተላል። ሴትዮዋም «ይህ ነገር ለእኔ ቢጤ አልተሠራም» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። እኛ ግን ጥፋቱ የጣቷ ሳይሆን የቁልፉ ልክ ነው እንላለን።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የምናንቀሳቅሰው ቀስት ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ጣት ግን ሰፊና ለስላሳ ሥጋ ስለሆነ፥ መስታወቱን ሲነካ ይጠፈጠፋል፤ የሚነካውንም ነገር ከዓይን ይሸፍነዋል። ስልኩ በበኩሉ ጣቱ ያረፈበትን ስፋት ወደ አንዲት ነጥብ ለውጦ ይቀበላል። ይህች ነጥብ ሰውየው ነካሁ ብሎ ካሰበው ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ ስትል፥ ቁልፉ ጠባብ ከሆነ ትእዛዙ ለጎረቤቱ ቁልፍ ይደርሳል።

ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ ዒላማው በራቀና በጠበበ መጠን እጅ እስኪደርስበት የሚፈጀው ጊዜ እንደሚጨምር አስረድቷል። በ2006 ደግሞ ፓርሂ፥ ካርልሰንና ቤደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች፥ ስልኩን በያዘው እጅ አውራ ጣት ለሚነካ ነጠላ ቁልፍ 9.2 ሚሊ ሜትር፥ በተከታታይ ለሚነኩት ደግሞ 9.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እንደሚበቃ አመልክተዋል። የጉግል ኩባንያ ለአንድሮይድ መተግበሪያ ሠሪዎች የሚሰጠው ምክርም በስክሪኑ ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። ይህም አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ስለሆነ፥ ማንም ሰው በተማሪ ማስመሪያ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

«ቁልፉን ካሰፋን ስክሪኑ አይበቃንም» የሚሉ ሠሪዎች አሉ። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። ሥዕሉ ትንሽ ሆኖ ቢታይም፥ በዙሪያው ያለው ባዶ ስፍራ ንክኪውን እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። በስም ዝርዝርም ውስጥ ስሙ ብቻ ሳይሆን መስመሩ በሙሉ ሊነካ ይገባዋል። ዘወትር የሚያስፈልጉት ጥቂት ቁልፎች በፊተኛው ገጽ ይቀመጡ፤ አልፎ አልፎ የሚፈለጉት ወደ ሁለተኛው ገጽ ይለፉ። «ላክ» እና «ሰርዝ» ከሌሎቹ ቁልፎች ይራቁ፤ ገንዘቡም ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ ልክ ጐላ ብሎ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን፥ መተግበሪያው በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተሞክሮ ለሕዝብ መቅረብ የለበትም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፥ ጣቱ በሥራ ለደነደነ የቀን ሠራተኛ፥ በፀሐይ ላይ ቆማ ለምትሸጥ ሴት ተሰጥቶ ይፈተን። ለእነርሱ የተመቸ ቁልፍ ለወጣቱም አይከብደውም፤ ለወጣቱ ብቻ የተሠራው ግን እነርሱን ከገበያው ያስወጣቸዋል።

ልብስ ሰፊ ሰውን ለክቶ ልብሱን ያበጃል እንጂ፥ ልብሱን ሰፍቶ ሲያበቃ ሰውየውን ጥበብ በል አይለውም። የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ወገኖቻችንም አስቀድመው የሰውን ጣት ይለኩ።