ስለ ከፋ ደን አጠቃቀም

በቦንጋ ዙሪያ ያለው ደን ሳይጠፋ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም። የከፋ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከዚሁ ደን ቡናና ኮረሪማ ሲለቅም፥ ማርም ሲቆርጥ ኖሯል። ደኑን የጠበቀው የአጠቃቀሙ ሥርዓት፥ ይኸውም ኮቦ የተባለው ልማድ ነው። በዚህ ልማድ እያንዳንዱ የደን ክፍል ባለመብት ነበረው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ሌላ ሰው ቀፎ ሊሰቅልበት ወይም ቡና ሊለቅምበት አይችልም ነበር። ባለመብቱም ዛፉን ቢቆርጥ ማሩን ስለሚያጣ ይጠብቀው ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ ኮቦ በልማድ ፈጽሞ ባይጠፋም የሕግ መሠረቱን አጣ። ከዚያ ወዲህ ለእርሻ፥ ለሰፈራ፥ ለሻይና ለቡና ተክል፥ ለከተማም ማገዶ ብዙ ደን ተመነጠረ። ወቀሳው ግን ቀድሞ የሚወድቀው እንጨትና ከሰል ለገበያ በሚያቀርቡት በማንጆዎች ላይ ነው። እነርሱ በቀድሞ ዘመን አዳኞች የነበሩ፥ ከሌላው ጋራ ማዕድ እንዳይቆርሱም የተገለሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ እንጨት የሚሸጡት በቂ መሬት ስለሌላቸው ነው። የሚያነደው ግን ከተሜው ነው።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ይሁን እንጂ ወሰን መከለል ብቻውን አይበቃም፤ ማንጆው ጭምር በደኑ የሚተዳደር ሁሉ የታወቀ መብትና ግዴታ ሊኖረው ይገባል።