ከ11 ሜትር ርቀት፦ ባሩክ ደጎ እና የእኛ ይሉኝታ

አሽዶድ ሰፈሮቿን በፊደል የምትጠራ ከተማ ናት። አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል እያለ ይቀጥላል። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ የሚጫወትበት ስታዲየምም ስሙን ያገኘው ከሰፈሩ ነው፤ ዮድ አሌፍ ይባላል፤ በቁጥር ሲቆጠር 11 ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ከአሽዶድ ሜዳ ተነሥቶ በአውሮጳ ትልቁ የክለቦች ውድድር ላይ ጎል ስላስቆጠረው ስለ ባሩክ ደጎ ነው። ታላላቅ ወንድሞቻችን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፤ ታናናሾቻችን ግን «እሱ ደግሞ ማን ነው?» ይሉናል። ለመጻፍ ያነሣሣን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የእሱ ታሪክ ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን፣ ከቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ስለገቡት ስለ እኛም የሚናገረው ነገር ስላለው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።)

ባሩክ ደጎ በ1981 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ እስራኤል መጣ፤ በእግር ኳስም ስሙ መታወቅ የጀመረው በአሽዶድ ነው። አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች፣ ከብዙ አገር በመጡ ስደተኞች የተሞላች የወደብ ከተማ ናት። በ1999 በከተማዋ የነበሩት ሁለቱ ክለቦች፣ ሃፖኤል አሽዶድ እና ኢሮኒ አሽዶድ፣ ተዋሕደው አንድ ክለብ ሆኑ። ደጎ በዚያ ዘመን ለአሽዶድ ይጫወት ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ፈጣን አማካይ ነበረ፤ ኳስ ይዞ ሰው ማለፍ ያውቅበታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ማካቢ ቴል አቪቭ ተዛወረ፤ ከክለቡም ጋር በ2003 የሊጉን ሻምፒዮንነት አገኘ። ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድንም ተሰልፏል።

ስሙ ከአገር አልፎ የተሰማው ግን በ2004 መኸር ነው። ማካቢ ቴል አቪቭ በአሠልጣኝ ኒር ክሊንገር እየተመራ ለሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ አለፈ። ምድቡ የሚያስፈራ ነበር፤ የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ፣ የጣሊያኑ ጁቬንቱስ እና የሆላንዱ አያክስ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች እንደተፈራው ሆኑ። በባየርን 1 ለ 0፣ በጁቬንቱስ 1 ለ 0፣ በአያክስ 3 ለ 0 ተሸነፉ። በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አላገቡም።

ኅዳር 3 ቀን 2004 ያው አያክስ ወደ ራማት ጋን ስታዲየም መጣ። ከእረፍት መልስ ማካቢ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ወላጆቻችን «ሪጎሬ» የሚሉት፣ እኛ በዕብራይስጥ «ፔንደል» የምንለው ነው። ኳሱን አንሥቶ ነጥቧ ላይ ያስቀመጠው ደጎ ነበር። አገባው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛውንም ራሱ ጨመረ። አያክስ በመጨረሻ አንድ ቢያገባም ጨዋታው 2 ለ 1 በማካቢ አሸናፊነት አለቀ። በኋላ ሙኒክ ላይ ማካቢ 5 ለ 1 ሲሸነፍ አንዷን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ በፍጹም ቅጣት ምት። ከጁቬንቱስ ጋር በራማት ጋን 1 ለ 1 ሲለያዩም እንዲሁ፤ ደጎ፣ ከዚያችው ነጥብ።

አሁን እንደምረው። ማካቢ በዚያ ምድብ በስድስት ጨዋታ ያስቆጠረው አራት ጎል ብቻ ነው። አራቱንም ያስቆጠረው ባሩክ ደጎ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ከ11 ሜትር ርቀት የተመቱ ናቸው። ማካቢ ከአያክስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ እርስ በርስ በተጫወቱት ውጤት ተበልጦ የምድቡ መጨረሻ ሆነ፤ ጎሎቹ ቡድኑን አላሳለፉትም። ሰው ግን እስከ ዛሬ ያስታውሳቸዋል።

«ሪጎሬ ማግባት ምን ያስደንቃል? በረኛው ብቻውን አይደለም እንዴ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። ጎሉ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። በደንብ የተመታ ኳስ ከነጥቧ ተነሥቶ መስመሩን ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። በረኛው ኳሱን አይቶ ለመወሰን ጊዜ የለውም፤ ቀድሞ መገመት አለበት። በዚህ ምክንያት ከአራት ምት ሦስቱ ያህል ይገባል። ለመቺው ከባዱ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ካገባ «ማግባቱ የታወቀ ነው» ይባላል። ከሳተ ግን ዕድሜ ልኩን ይነገርበታል።

ከአሽዶድ ብዙም በማይርቀው በቤንጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሚካኤል ባር ኤሊ እና ኦፈር አዛር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2007 ባወጡት ጥናት 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን አጥንተዋል። ከ100 ምት ወደ 29 ያህሉ የተመታው ወደ መሀል ነው። ባለበት የቆመ በረኛ ከሦስት ምት አንዱን ያድናል፤ ወደ ጎን የዘለለው ግን ከሰባት አንዱን ያህል ብቻ ነው የሚያድነው። ሆኖም በረኞቹ ከ100 ጊዜ በ94ቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘለዋል። መቆም የሚሻል ከሆነ ለምን ይዘላሉ? የተመራማሪዎቹ መልስ እንዲህ ነው፤ ዘሎ የተቆጠረበት በረኛ «የሚቻለውን አድርጓል» ይባላል፤ ቆሞ የተቆጠረበት ግን «ምን ተገትሮ ያያል?» ይባላል። ስለዚህ ከወቀሳው ለማምለጥ ይዘላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ስንማር እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን። እኛ ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ስም አለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይሉኝታ ክፉ ነገር ብቻ አይደለም። ታላቅን ማክበር፣ እንግዳን መቀበል፣ ጎረቤት ሲያዝን አብሮ መቀመጥ፣ ብዙው መልካም ጠባያችን በእሱ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን የሚበጀውን እያወቅን የማይበጀውን የሚያስደርገን ጊዜም አለ።

እኛ ተማሪዎች ይህን በገዛ ራሳችን እናውቀዋለን። ከቤት የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነጥቧ ላይ እንደ መቆም ነው። እናት፣ አባት፣ አያት፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ያያል። ከዚህም በላይ ሌላ ሸክም አለ፤ ከአርባ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት ኢትዮጵያውያን በሆንንበት ክፍል ውስጥ አንዳችን ስንሳሳት እንደ ሁላችን ስሕተት የሚቆጠር ይመስለናል። ስለዚህ ጥያቄ አንጠይቅም፤ ያልገባንን እንደገባን እናደርጋለን፤ እርዳታ የሚሰጥበትን ቢሮ በር ሳናንኳኳ እናልፋለን። እንደ በረኛው ከወቀሳ ለማምለጥ ወደማይሆነው ጎን እንዘላለን።

ከመካከላችን አንዷ በመጀመሪያው ዓመት የስታቲስቲክስ ፈተና ወደቀች። ለእናቷ ሳትነግር ሦስት ሳምንት ቆየች። በየዓርቡ ቤት ስትሄድ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትባል «ይመስገነው» እያለች ታልፋለች። በመጨረሻ ስታለቅስ ተያዘች። እናቷ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ፈተናው አይደገምም?»

«ይደገማል፤ ሞዔድ ቤት አለ።»

«እንግዲያውስ ምን ያስለቅስሻል? ድገሚዋ!»

ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ እኛ ከምንገምታቸው ይልቅ ጽኑ ናቸው። ያለፉበት መንገድ ከአንድ ፈተና የሚበልጥ ነው።

ወደ ደጎ እንመለስ። በሙኒኩ ጨዋታ ቡድኑ በእረፍት 3 ለ 0 ይመራ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እንደዚህ ባለ ጊዜ ኳሱን ማንሣት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ቢስት ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። እሱ ግን አነሣው። እኛ ከአራቱ ጎሎች ሁሉ ይህችን የበለጠ የምንወዳት ለዚህ ነው። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ኳሱ ለደጎ ዝም ብሎ አልደረሰውም። አሠልጣኝና ጓደኞቹ «አንተ ምታ» ብለው አምነውታል። ችሎታ ያለው ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ የሚያምነው ሰው የሚያገኘው ግን ሁሉም አይደለም። በሙያችን ስንሠለጥን ደጋግመን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ልጁን «ጎበዝ ሁን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ኳሱን የሚሰጠው ሰው መኖር አለበት።

ልጃቸው ኳስ ለሚወድ ወላጆች ጥቂት ቃል እንጨምር። እግር ኳስም ሆነ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ከፍ ባለ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ከገባ በሳምንት ብዙ ቀን ይለማመዳል። «ኳሱን ተውና ተማር» ወይም «ትምህርቱ ይቅርና ኳሱን ያዝ» ከማለት ይልቅ አሠልጣኙንና የክፍል ኃላፊ መምህሩን በአንድነት ማነጋገር ይሻላል። ባግሩቱ መቅረት የለበትም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ከጉዳት ያመለጠ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ጫማውን ይሰቅላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ግን ረጅም ነው። በሠራዊቱም ዘንድ «ስፖርታይ ሚትስታየን» የሚባል ደረጃ አለ፤ ይህን ያገኘ ስፖርተኛ እያገለገለ ልምምዱን መቀጠል ይችላል። ልጁ ከመዝመቱ አስቀድሞ ክለቡን ስለዚህ መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ዕብራይስጡ ባይገባችሁ እንኳ ጨዋታውን ሄዳችሁ እዩለት። ልጅ ጎል ሲያገባ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ተመልካቹ ነው።

ባሩክ ደጎ ከማካቢ ከወጣ በኋላ በሌሎች ክለቦች ተጫውቶ ከሜዳ ተሰናብቷል። ዛሬ መንገዱ እንደ ያኔው ጭር ያለ አይደለም። ናታንያ ተወልዶ ያደገው ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቅቷል። ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። የመጀመሪያዎቹ ሲያልፉ የሚከተላቸው ሰው ሸክሙ ይቀልለታል፤ ቢስትም እንደ አንድ ሰው ይስታል እንጂ እንደ ሕዝብ አይስትም።

በዚህ ሴሚስተር የመጀመሪያ ፈተናችሁን የምትወስዱ እህቶችና ወንድሞች፣ ነጥቧ ላይ ስትቆሙ ርቀቱ 11 ሜትር ብቻ ነው። ምቱ። ከሳታችሁ ደግሞ ለቤት ንገሩ፤ እኛም እዚሁ ነን።