የዝግጅት ማስታወቂያ አጻጻፍ፤ ሙዚቃ በመናፈሻ

ማስታወቂያ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ለብዙ ሰዎች ማሳወቅ የሚፈልገውን ጉዳይ በአጭሩና በግልጽ የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው። የጠፋ ዕቃ፣ የሚከራይ ቤት፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ይህ ሁሉ በማስታወቂያ ይነገራል። በዚህ ክፍል የምትማሩት ከነዚህ አንዱን፣ ይኸውም የሕዝብ ዝግጅት ማስታወቂያን ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በከተማ መናፈሻ ውስጥ የሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት ሲሆን፣ አቅራቢዎቹ ስማቸው ገና ያልታወቀ የሰፈር ወጣቶች ናቸው። ይህ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ስመ ጥር ለሆነ ድምፃዊ ስሙ ብቻውን ማስታወቂያ ይሆነዋል፤ ስም ለሌለው ሙዚቀኛ ግን ከጽሑፉ በቀር የሚናገርለት የለም። ስለዚህ የማስታወቂያ ጸሐፊ ችሎታ በእርግጥ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ሀ. ማስታወቂያ በቀድሞው ጊዜና ዛሬ

ጽሑፍ ባልተስፋፋበት ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ነጋሪ ቃል ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ቆሞ፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አጥብቆ ያሳስብ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው። በየሰፈሩ ደግሞ የእድር ጥሩምባ ነፊ እየዞረ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሚፈጸም፣ በስንት ሰዓትም እንደሆነ ይናገራል። የጥሩምባ ነፊው ቃል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሰማው ሰው ተመልሶ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም። ጥሩ ማስታወቂያም እንዲሁ ነው።

የሙዚቃ ዝግጅትን ያየን እንደ ሆነ፣ በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በሚል ስም ተከፈተ። በዚያን ዘመን ስም ያላቸው ዘመናዊ የሙዚቃ ቡድኖች አብዛኞቹ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ወይም የቴአትር ቤት ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ስለ ነበር ዝግጅቱን የሚያስታውቅለት መሥሪያ ቤቱ ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የግል የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ባቋቋመ ጊዜ ግን ሙዚቃ ከመንግሥት ተቋም ውጭም ሊታተም እንደሚችል ታየ። ዛሬ አንድ ወጣት ዘፈኑን በገዛ ስልኩ ቀድቶ በቴሌግራም ለወዳጆቹ ሊልክ ይችላል። ነፃነቱ ሰፍቶለታል፤ ሆኖም የማስታወቁ ሥራ በራሱ ትከሻ ላይ ወድቋል።

ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራም በዝቷል። በአዲስ አበባ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍተዋል። ከነዚህ ትልልቆቹ በተጨማሪ በየክፍለ ከተማው አነስተኛ መናፈሻዎች አሉ። አምስት ወጣቶች ክራርና ጊታር ይዘው ከዛፍ ጥላ ሥር ለመጫወት የአዳራሽ ኪራይ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው የመናፈሻው አስተዳደር ፈቃድና የሚሰማቸው ሕዝብ ነው። ፈቃዱን በደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ሕዝቡን በማስታወቂያ ይጠራሉ።

ለ. ማስታወቂያ ቃል ኪዳን ስለ መሆኑ

ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው የሚያደርገውን እስቲ አስቡ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቡን ይተዋል፤ ልጆቹን ያለባብሳል፤ የታክሲ ይከፍላል። መናፈሻው ደርሶ የተባለውን ነገር ካላገኘ፣ የጠፋበት ገንዘብና ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ፊት ያፍራል። በሌላ ቀን ሌሎች ወጣቶች እውነተኛ ማስታወቂያ ቢለጥፉ እንኳ ሳያነብ ያልፋል። እንግዲህ አንድ ውሸተኛ ማስታወቂያ የሚጎዳው የራሱን ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጡትንም ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የቃልን ክብደት ገልጸዋል። የማስታወቂያ ጸሐፊም እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በጻፈ ቁጥር «ይህን እፈጽመዋለሁን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። የማይፈጽመውን ይሰርዛል። ሕግም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ማስታወቂያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ሐ. ማስታወቂያው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች

የዝግጅት ማስታወቂያ ስድስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፤ እነርሱም፦ ማን ያቀርባል? ምን ይቀርባል? የት? መቼ? በስንት ክፍያ? ችግር ቢያጋጥምስ ምን ይሆናል? የሚሉት ናቸው። «ማን»ና «ምን» ብዙ ጊዜ አይረሱም። ብዙ ስሕተት የሚታየው በቀሩት ላይ ስለሆነ እነርሱን ዘርዘር አድርገን እንመልከት።

1. የት? «በመናፈሻው ውስጥ» ማለት አይበቃም። መናፈሻ ሰፊ ነው፤ ከአንድ በላይ በር ያለውም አለ። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ፏፏቴ አጠገብ እንደሆነ መገለጽ አለበት።

2. መቼ? «በሚቀጥለው እሑድ» የሚለው ሐረግ ማስታወቂያው በተጻፈበት ቀን ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን ትርጉሙን ያጣል። ስለሆነም የዕለቱ ስም፣ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ ይጻፋሉ። ሰዓትም ጥንቃቄ ይሻል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ብዙ ስልኮች ግን የውጭውን አቆጣጠር ያሳያሉ። የእኛ 9 ሰዓት ከቀኑ በውጭው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። «ከ9 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ የውጭ አገር እንግዳ በጠዋት መጥቶ ባዶ ሣር ሊያይ ይችላል። «ከቀኑ» የምትለው አንዲት ቃል፣ አስፈላጊም ሲሆን የውጭው አቆጣጠር አብሮ መጻፉ፣ ይህን ችግር ያስቀራል። ዝግጅቱ የሚያልቅበትም ሰዓት አይረሳ። በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጅ የያዘች እናት ሳይጨልም ቤቷ መድረስ አለመድረሷን ከማስታወቂያው ማወቅ ይገባታል።

3. በስንት? «መግቢያ በነፃ» የሚለው አባባል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ሙዚቀኞቹ ገንዘብ ባይጠይቁም መናፈሻው በበሩ ላይ የሚያስከፍል ከሆነ፣ አምስት ቤተሰብ ይዞ የመጣ አባት በሩ ላይ ይቸገራል። የማን ክፍያ እንደ ቀረና የማን እንዳልቀረ ተለይቶ ይነገር።

4. ችግር ቢያጋጥምስ? መናፈሻ ጣራ የለውም። በአዲስ አበባ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይበረታል፤ በመጋቢትና በሚያዝያም የበልግ ዝናብ አለ። ስለዚህ ወሩን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ ቢጥል ዝግጅቱ ይቀር ወይም ይተላለፍ እንደሆነ መናገር ሌላ ነገር ነው።

መ. ስሕተት ያለበት ምሳሌ

ቀጥሎ ያለውን ማስታወቂያ በጥሞና አንብቡ።

«ታላቅ የምሥራች! ታይቶና ተሰምቶ የማይታወቅ ደማቅ የሙዚቃ ድግስ! በሚቀጥለው እሑድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በመናፈሻው ውስጥ የታዋቂ ድምፃውያን ሥራዎች ይቀርባሉ። ታላላቅ እንግዶችም ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል። መግቢያ በነፃ! እንዳያመልጥዎ! ሁላችሁም እንዳትቀሩ!»

የቀኑ፣ የቦታውና የክፍያው ጉድለት ከላይ ተገልጿል። አሁን ሰዋስውን እንመርምር።

አንደኛ፣ «የታዋቂ ድምፃውያን ሥራዎች ይቀርባሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይሰጣል። ድምፃውያኑ ራሳቸው መጥተው ይዘፍናሉ ማለት ይሆናል፤ ወይም ሌሎች ሰዎች የእነርሱን ዘፈን ይጫወታሉ ማለት ይሆናል። «ይቀርባሉ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ተደራጊ ስለሆነ አድራጊው ተሰውሯል። ጸሐፊው አድራጊ ግሥ ቢጠቀም ኖሮ፣ ማለት «ያቀርባሉ» ቢል፣ አቅራቢው ማን እንደሆነ ለመናገር ይገደድ ነበር። የወጣቶቹ ስም የተሰወረው ዝነኛ ስላልሆኑ ነው። ሆኖም ስማቸው ሳይጻፍ እንዴት ሊታወቁ ይችላሉ?

ሁለተኛ፣ «ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል» በሚለው ውስጥ የሚጠብቀው ማን ነው? ባለቤት የለውም። እንግዳው ባይመጣ ኀላፊነቱን የሚወስድ እንዳይኖር የተጻፈ አነጋገር ነው። እንግዳው እሺ ካለ «ይገኛሉ» ይባል፤ እሺ ካላለ ጨርሶ አይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ቅጽሎቹን ቍጠሩ። «ታላቅ»፣ «ደማቅ»፣ «ታዋቂ»፣ «ታላላቅ»። ከነዚህ አንዱ እንኳ የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር አይነግረንም። «ሁለት ክራርና አንድ ማሲንቆ» የሚለው ሐረግ ከአራቱም ቅጽሎች የበለጠ ጆሮ ያቆማል።

አራተኛ፣ ጸሐፊው አንባቢውን በአንድ ቦታ «እንዳያመልጥዎ» ብሎ አንቱ ይለዋል፤ በሌላ ቦታ «እንዳትቀሩ» ብሎ በብዙ ቍጥር ይጠራዋል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያስፈልጋል።

ሠ. የታረመው ማስታወቂያ

የመናፈሻው ስም፣ የሙዚቀኞቹ ስምና የስልኩ ቍጥር በነጠብጣብ የተተዉት እናንተ እንድትሞሉባቸው ነው።

«የክራርና የጊታር ጨዋታ በመናፈሻ

እሑድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ በ…… መናፈሻ፣ ከዋናው በር በስተግራ በኩል ከጽዶቹ ጥላ ሥር፣ አምስት የሰፈራችን ወጣቶች (……) ራሳቸው የደረሷቸውን አሥር ዘፈኖች ያቀርባሉ። ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ጊታርና አንድ ከበሮ ይጫወታሉ። በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

የድምፅ ማጉያ ስለሌለ ቀረብ ብለው ይቀመጡ። ወንበር ጥቂት ስለሆነ ምንጣፍ ይዘው ቢመጡ መልካም ነው። ልጆችዎን ይዘው ይምጡ። ለሙዚቃው ክፍያ የለም፤ የመናፈሻው መግቢያ ግን እንደ ወትሮው በበሩ ላይ ይከፈላል። ዝናብ ከጣለ ዝግጅቱ በዚያው ሰዓትና ቦታ ለእሑድ ኅዳር 14 ቀን ይተላለፋል። ለጥያቄ በስልክ ቍጥር …… ይደውሉ።»

ይህ ማስታወቂያ «በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው» ሲል ድክመትን የተናገረ ይመስላል። ነገር ግን አስተውሉ፤ አንባቢው ሊያገኝ የማይችለውን ዝነኛ ድምፃዊ እንዳይጠብቅ አድርጎታል፤ ደግሞም አዲስ ነገር ከመጀመሪያው ለመስማት የሚወድ ሰው እንዲመጣ ጋብዞታል። የድምፅ ማጉያ አለመኖሩም ተደብቆ ቢሆን ቅሬታ ያመጣ ነበር፤ በግልጽ ሲነገር ግን ቀረብ ብሎ ለመቀመጥ ምክንያት ሆነ። ቀኑም በከንቱ አልተመረጠም፤ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ስለሚገባ ዝግጅቱ ከዚያ ቀድሞ እንዲውል ተደርጓል። ሕዝብ የሚጠራ ሰው የሕዝቡን በዓልና ጾም አይቶ ቀን ይቆርጣል።

ዘፈኖቹ የሌላ ሰው ድርሰት ቢሆኑ ኖሮ አስቀድሞ የባለ መብቶቹን ፈቃድ መጠየቅ፣ በማስታወቂያውም ላይ የደራሲዎቹን ስም መጥቀስ ይገባ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ይህን መብት ሰጥቶታል።

ረ. ማስታወቂያው የሚወጣበት ቦታ

ያው ማስታወቂያ በሁሉ ቦታ እንዳለ አይወጣም። በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በእግሩ የሚያልፍ ሰው ስለሚያነበው ርእሱ፣ ቀኑና ቦታው በጉልህ ይጻፋሉ፤ ሲለጠፍም የቦታው ባለቤት ይጠየቃል። በራዲዮ የሚነገረውን አድማጭ መልሶ ሊያየው ስለማይችል ቀኑና ቦታው መጨረሻ ላይ ይደገማሉ። በቴሌግራም የሚላከው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ ቀኑ ካልተሟላ ካለፈ በኋላም ሰው ሊያሳስት ይችላል። ዝግጅቱ ቢሰረዝ ወይም ቢተላለፍ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የስረዛው ማስታወቂያም መድረስ አለበት።

በአጭሩ፣ ጥሩ የዝግጅት ማስታወቂያ አቅራቢውን በስሙ ይጠራል፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ክፍያውን አሟልቶ ይናገራል፤ ከሚፈጸመው በላይ ተስፋ አይሰጥም። ሃያ ሰዎች ብቻ ቢመጡ እንኳ የተባሉትን ካገኙ፣ ለሚቀጥለው ዝግጅት የሰማ ላልሰማ ያሰማል።

መልመጃ

1. በክፍል «መ» ካለው ማስታወቂያ ውስጥ ሁለት ተደራጊ ግሦችን አውጡና በአድራጊ ግሥ ለውጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ።

2. «ወጣት ሙዚቀኞችና ገጣሚያን ይሳተፋሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። ሁለቱን ትርጉሞች በሁለት ግልጽ ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ አሳዩ።

3. በክፍል «ሠ» ያለውን ማስታወቂያ ለራዲዮ እንዲስማማ አድርጋችሁ ከአምስት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

4. ዝግጅቱ በዝናብ ምክንያት እንደ ተላለፈ የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ጻፉ። ይቅርታም ጨምሩበት።

5. በሰፈራችሁ ሊደረግ የሚችል አንድ የሕዝብ ዝግጅት (የግጥም ንባብ፣ የችግኝ ተከላ፣ የመጽሐፍ ልውውጥ ወይም ሌላ) መርጣችሁ ማስታወቂያ ጻፉ። ከዚያም ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ «ይህ ሊፈጸም ይችላልን?» እያላችሁ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር መርምሩ።