የቫሪኮስ ቬይን የውስጥ ሙቀት ሕክምና

የቫሪኮስ ቬይን የውስጥ ሙቀት ሕክምና በእግር ቆዳ ሥር ተደብቀው የተበላሹ ደም መልስ ቧንቧዎችን ቆርጦ በማውጣት ፈንታ ከውስጥ በሙቀት የሚዘጋ ሕክምና ነው። ሙቀቱ የሚገኘው ከሌዘር ብርሃን ወይም ከሬዲዮ ሞገድ ነው። ብዙውን ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ስለሚከናወን ታካሚው በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የበሽታው መነሻ

ደም ቅዳ ቧንቧዎች ደምን ከልብ ወደ ሰውነት ያደርሳሉ፤ ደም መልስ ቧንቧዎች ደግሞ ወደ ልብ ይመልሱታል። ከእግር የሚመለሰው ደም ሰው በቆመ ጊዜ ሽቅብ መውጣት አለበት። ለዚህም ሁለት ነገሮች ይረዱታል። አንደኛው የባት ጡንቻ ነው፤ ሰው ሲራመድ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛው በቧንቧዎቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ናቸው፤ እነዚህ ትንንሽ ክዳኖች ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ።

ቫልቮቹ መዝጋት ሲያቅታቸው ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፣ በታችኛው እግር ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ቧንቧዎቹም ይለጠጣሉ። በቆዳ ላይ ተጠማዝዘውና አብጠው የሚታዩት ሥሮች ብዙ ጊዜ የችግሩ ውጤት እንጂ ምንጩ አይደሉም። ምንጩ በአብዛኛው ትልቁ ሳፌነስ የሚባለው ደም መልስ ነው። ይህ በሰውነት ውስጥ ረጅሙ ደም መልስ ሲሆን ከቁርጭምጭሚት በውስጠኛው በኩል ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ይደርሳል፤ እዚያም ከጥልቁ የጭን ደም መልስ ጋር ይገናኛል። በጭን ውስጥ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚያልፍ ቢበላሽም በዓይን ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ አንዳንድ ሰው በቆዳው ላይ ጎልቶ የወጣ ሥር ሳይኖረው እግሩ ይከብደዋል፣ ማታ ማታ ያብጣል፣ ያሳክከዋል። ሁኔታው ለዓመታት ከቆየ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያለው ቆዳ ይጠቁርና ይደድራል፤ በመጨረሻም በቀላሉ የማይድን ቁስል ሊወጣ ይችላል።

ምርመራ

የተደበቀውን ቧንቧ የሚያሳየው ዱፕሌክስ አልትራሳውንድ ነው። ታካሚው ቆሞ ሳለ ባለሙያው ባቱን ጨመቅ አድርጎ ይለቅና የደሙን አቅጣጫ ይከታተላል። በሳፌነስ ውስጥ ደሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከተመለሰ ቫልቩ እንደማይሠራ ይቆጠራል። እግር ያበጠ ሁሉ ግን ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ለምሳሌ በኢትዮጵያ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው ፖዶኮኒዮሲስ እግርን የሚያሳብጠው የሊምፍ ቧንቧዎችን በመጉዳት ስለሆነ ደም መልስን መዝጋት አይፈውሰውም።

አሠራሩ

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት አካባቢ፣ ቧንቧውን በመርፌ ይወጋና ቀጭን ቱቦ ወደ ብሽሽት ያሳልፋል። የቱቦው ጫፍ ከጥልቁ ደም መልስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ቀጥሎ በቧንቧው ዙሪያ ብዙ ውኃ የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ይረጫል። ይህ ፈሳሽ ሕመምን ይከለክላል፣ ቧንቧውን ያጠብበዋል፣ ነርቭንና ቆዳንም ከቃጠሎ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ የሌዘሩ ክር እየሞቀ በዝግታ ወደ ታች ይሳባል። በሬዲዮ ሞገድ በሚሠራው የተለመደ መሣሪያ ግን 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍል በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ሰከንድ ይሞቅና ወደሚቀጥለው ክፍል ይታለፋል። በሙቀቱ የቧንቧው ግድግዳ ይኮማተራል፣ ውስጡም ይዘጋል። በወራት ውስጥ ቧንቧው ወደ ቀጭን ጠባሳ ይለወጣል።

ደሙ በየት ይመለሳል?

አብዛኛው የእግር ደም የሚመለሰው በጡንቻዎች መካከል ባሉት ጥልቅ ደም መልሶች ነው። የተበላሸው ሳፌነስ ደሙን ወደ ታች ስለሚመልስ መዘጋቱ ጭነቱን ያቀልላል እንጂ አይጨምርም። ጥልቆቹ መንገዶች ከተዘጉ ግን የላይኛው ቧንቧ ምትክ መተላለፊያ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር አለባቸው።

ታሪክ

ጀርመናዊው የቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ በ1890 እ.ኤ.አ. ሳፌነስን አሥሮ የማከም ዘዴን አሳተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቧንቧውን በሽቦ መዝዞ ማውጣት ዋናው ሕክምና ሆኖ ቆየ። የሬዲዮ ሞገድና የሌዘር ዘዴዎች የመጡት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ የሙቀት ሕክምናን ቅድሚያ ሰጠው፤ ለማይመቻቸው የአረፋ መድኃኒት መርፌን፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምናን አስከተለ።

በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ 450 የእግር ቁስል ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ታተመ። ሁሉም በፋሻ ጭመቃ ታክመዋል። ደም መልሳቸው ቶሎ የታከመላቸው ሰዎች ቁስል በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን ሲድን ሕክምናው የዘገየባቸው ግን 82 ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ጉዳቶችና ጥንቃቄ

ለጥቂት ቀናት መበለዝና በቧንቧው መስመር የመጎተት ስሜት የተለመደ ነው። ነርቭ ከተነካ የቆዳ መደንዘዝ ሊኖር ይችላል፤ ቃጠሎና በጥልቅ ደም መልስ ውስጥ የደም መርጋት አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። ስለዚህ ታካሚው በዚያው ቀን መራመድ እንዲጀምር ይመከራል። ከሕክምናው በኋላ ድንገተኛ የእግር እብጠት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል። በእርግዝና ወቅት ሕክምናው ብዙውን ጊዜ እስከ ወሊድ በኋላ ይቆያል። የተዘጋው ቧንቧ እንደገና ሊከፈት ወይም ሌላ ቧንቧ ሊበላሽ ስለሚችል ሕክምናው ችግሩ ዳግም እንዳይመጣ ዋስትና አይሆንም።