ያውቁ ኖሯል? ጊት ባዶ ያልሆነ ፎልደር ውስጥ አይገለብጥም
ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ሥራ ብሎ የፈጠረው የኮድ ለውጥ መከታተያ ጊት፣ የኮድ ማከማቻን ወደ ነባር ፎልደር ለመገልበጥ ፎልደሩ ባዶ እንዲሆን ይፈልጋል። አንዲት ፋይል ካገኘ «ክሎን» የሚለው ትእዛዝ አሻፈረኝ ይላል። ስውር ፋይልም ትቆጠራለች፤ ማክ ኮምፒውተር ሳይጠየቅ ጣል የሚያደርጋት ፋይል ስንቱን ግራ አጋብታለች!

መውጫው ክሎንን መተው ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆነው በ«ኢኒት» ማከማቻ ይከፍታሉ፤ በ«ሪሞት አድ» የምንጩን አድራሻ ይሰጡታል፤ በ«ፌች» ታሪኩን ያወርዱና በ«ቼክአውት» የሚፈልጉትን ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ስማቸው ከሚወጡት ጋር አንድ የሆነ ፋይሎች ቀድመው ካሉ፣ ጊት ሳይነካቸው ቆሞ ስማቸውን ይዘረዝራል። «ፎርስ» ካሉት ግን ያለ ርኅራኄ ይጽፍባቸዋል።